የአፍ ካንሰር ደም የሚያገኝበት መንገድ



ጁዳ ፎክማን የተባለ ወጣት ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ከባልደረባው ፍሬድሪክ ቤከር ጋር ሲሠራ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ከእንስሳ ወጥቶ በሕይወት እንዲቆይ በተደረገ የታይሮይድ ዕጢ ውስጥ የተተከሉ የካንሰር ሕዋሳት አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አድገው ቆሙ። ወደ አይጥ ሲዛወሩ ግን በፍጥነት ገዘፉ። በሕያው ገላ ውስጥ አዳዲስ የደም ሥሮች ደርሰውላቸዋል።

ፎክማን በ1971 ካንሰር የራሱን የደም ሥር ካላበቀለ እንደማይገዝፍ ጽፎ አሳተመ። ብዙ ሊቃውንት ለዓመታት ተጠራጠሩት፤ ጊዜ ግን ለእርሱ ፈረደ።

አብዛኛው የአፍ ካንሰር የሚነሳው ምላስን፣ ድድንና የጉንጭን ውስጥ ከሚሸፍነው ስስ ልባስ ነው። ልባሱ የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅንና ምግብ የሚሰርጉለት ከሥሩ ካለው ሥጋ ነው። ሕዋሳቱ ያለ ልክ ተባዝተው ሲደራረቡ ከደም የራቁት ኦክስጅን ያጥራቸዋል። እጥረቱን የሚለይ ፕሮቲን ይነቃና ቪኢጂኤፍ የተባለው የደም ሥር አሳዳጊ እንዲመረት ያደርጋል። ሕዋሳት የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚለዩ የደረሱበት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቪኢጂኤፍ በአቅራቢያው ያለውን የደም ሥር ሲቀሰቅስ አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ቅርንጫፉ ግን ጠማማና የሚያፈስ ነው። የዚሁ ፕሮቲን ዘመድ የሆነው ቪኢጂኤፍ-ሲ ደግሞ የሊምፍ ቱቦዎችን ያሳድጋል። የአፍ ካንሰር ሲዛመት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚደርሰው አንገት ላይ ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ነው።

ሌላው የእድገት ፕሮቲን ታሪኩ ከአፍ ጋር ይበልጥ የተቆራኘ ነው። ስታንሊ ኮኸን በ1962 ይፋ ያደረገውን ኢጂኤፍ ያገኘው ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ሲሆን፣ በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። በሰው ምራቅም አለ፤ የአፍ ቁስል እንዲድን ያግዛል። በአብዛኛው የአፍ ካንሰር ላይ የዚህ ፕሮቲን ተቀባይ ከልክ በላይ ይበዛል፤ መልእክቱም የቪኢጂኤፍን ምርት ይጨምራል። ለፈውስ የተሠራ ሥርዓት ለበሽታው ያድራል ማለት ነው፤ እጅግ የሚያሳዝነውም ይህ ነው።

ታዲያ የደም ሥሩን መዝጋት ይበቃ ይሆን? ቪኢጂኤፍን የሚያግደው ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት በ2004 ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። በ2019 የታተመ ጥናት ግን ካንሰራቸው የተመለሰባቸውን ወይም የተዛመተባቸውን 403 የራስና አንገት ካንሰር (የአፍ ካንሰር ከእነዚህ አንዱ ነው) ሕሙማን አነጻጽሮ፣ መድኃኒቱ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ ዕድሜያቸውን በአስተማማኝ ደረጃ እንዳላረዘመ፣ የመድማት አደጋን ግን እንደጨመረ አሳየ። የኢጂኤፍን ተቀባይ የሚያግደው ሴቱክሲማብ በ2006 ለእነዚህ ካንሰሮች ተፈቅዶ ሕሙማንን ሲጠቅም ቆይቷል። ያም ሆኖ የአፍ ካንሰር ዋነኛ ሕክምና ዛሬም ቀዶ ሕክምናና ጨረር ነው፤ ሁለቱም የተሻለ የሚሠሩት ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ ነው።

በ2022 በዓለም ላይ ወደ 390 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የከንፈርና የአፍ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ ከ188 ሺህ በላይ ሰዎችም ሞተዋል። ስለዚህ በአፉ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ያየ ሁሉ ሕመም እስኪሰማው ሳይጠብቅ ለጥርስ ሐኪም ያሳይ።