ደንበኛ የነካው ሞተር፣ ከደመወዝ የሚቆረጥ ዕዳ
(በፈይፋና በአካባቢው በአነስተኛ ሞተር ጥገና ለተሰማሩ ሠራተኞች የተሰጠ ገለጻ)



የፈይፋ ተራራ በእርከን የተዋበ የገበሬ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የኸውላኒ ቡና የሚለማው በእነዚህ በጂዛን ተራሮች እርከን ላይ ነው። ውኃ ወደ እርከኑ የሚገፋው ፓምፕ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር፣ የመድኃኒት መርጫውና የእንጨት መቁረጫው ሁሉ ትንሽ ሞተር አላቸው። ሞተሩ ሲቆም የገበሬው ሥራም አብሮ ይቆማል። ደንበኛው ወደ ጋራዡ ሲመጣ የሚቸኩለውና የሚቆጣው ስለዚህ ነው፤ ሥራውን ቆሞ ከማየት አልፎ ካቻቢቴ አንሥቶ እጁን የሚያስገባም አለ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ጣልቃ ገብነት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ደንበኛ የነካው ሞተር ሲበላሽ ዕዳው በሠራተኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለሆነም ሙያውንም ሕጉንም አጣምሮ ማወቅ ይገባል።

በቅድሚያ ከሙያው እንጀምር። ደንበኞች ብዙ ጊዜ የሚነኩት ሦስት ነገሮችን ነው።

አንደኛው ካርቡሬተሩ ነው። በባሕር ጠለል አጠገብ ካለችው ከጂዛን ከተማ የተገዛ ሞተር ከ1,500 ሜትር በላይ ወዳለው ከፍታ ሲወጣ አየሩ ይሳሳበታል፤ ቤንዚኑ ግን እንደነበረው ይፈስሳል። ስለዚህ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፣ ኃይሉም በየ300 ሜትሩ 3.5 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። መፍትሔው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ዋና ቀዳዳ ለከፍታ በተሠራው አነስተኛ ቀዳዳ መለወጥ ነው። ያም ሆኖ በከፍታው ምክንያት የቀነሰው ኃይል ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ይህን ለደንበኛው አስቀድማችሁ ብትነግሩት «ከጠገናችሁት ወዲህ ደከመ» የሚለውን ክስ ታስቀራላችሁ።

ሁለተኛው የዘይት መቆጣጠሪያው ነው። በርካታ አነስተኛ ሞተሮች ዘይት ሲያንሳቸው ራሳቸውን የሚያጠፋ መሣሪያ አላቸው። ሞተሩ በተዳፋት ላይ ተንጋድዶ ሲቀመጥም ይኸው መሣሪያ ያጠፋዋል። ደንበኛው ግን የተበላሸ መስሎት ሽቦውን ይነቅላል። እንደ ሆንዳ ጂ ኤክስ 160 ያለ ሞተር የሚይዘው ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ መቆጣጠሪያው ተነቅሎ ያለ ዘይት ከሠራ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል።

ሦስተኛው የሞተሩን ፍጥነት የሚገዛው ሞላ ነው። በአገራችን የመብራቱ ድግግሞሽ 50 ሄርዝ ስለሆነ የተለመደው አነስተኛ ጄኔሬተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞራል፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ግን 60 ሄርዝ ስለሆነ 3,600 ጊዜ ነው። ደንበኛው «ኃይል ይጨምርልኝ» ብሎ ሞላውን ቢያጠብቀው ቮልቴጁ ከልክ አልፎ ማቀዝቀዣውን ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2005 በንጉሣዊ ድንጋጌ ም/51 የወጣው የሳዑዲ ዓረቢያ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 91 የሚለው ይህ ነው፦ አሠሪው ለደረሰ ጉዳት ከደመወዛችሁ መቁረጥ የሚችለው፣ ጉዳቱ በእናንተ ጥፋት ወይም የአሠሪውን መመሪያ በመጣሳችሁ የደረሰ ሲሆን ነው። ጉዳቱ የሦስተኛ ወገን ጥፋት ከሆነ በእናንተ ላይ አይወድቅም። በእጁ ሽቦ የነቀለ ደንበኛ ሦስተኛ ወገን ነው። ጥፋቱ የእናንተ ቢሆን እንኳ በአንድ ወር የሚቆረጠው ከ5 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። ደመወዙ 1,800 ሪያል የሆነ ሠራተኛ የቀን ሒሳቡ 60 ሪያል ስለሆነ፣ በወር ከ300 ሪያል በላይ ሊቆረጥበት አይገባም። ውሳኔውን የሚቃወም ሠራተኛ አቤቱታውን ከተነገረው ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ቀኑ ካለፈ መብቱም ያልፋል።

ነገር ግን ደንበኛው መንካቱ በምን ይታወቃል? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶች። ስለዚህ የሚከተሉትን ልማድ አድርጉ።

ሞተሩን ስትረከቡ ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ የተነቀለ ሽቦ፣ የተላጠ ብሎን፣ የጎደለ ዘይት ካለ በግልጽ ይታይ። ደንበኛው የነገራችሁን ብልሽትና ያገኛችሁትን በደረሰኙ ላይ ጻፉ፤ ዓረብኛ የማትጽፉ ከሆነ የሱቁ ባለቤት ይጻፍላችሁ። የለወጣችሁትን አሮጌ ዕቃ ሞተሩ እስኪወሰድ ድረስ አትጣሉ። ስታስረክቡ በደንበኛው ፊት አስነሥታችሁ አሳዩት፣ ያስተካከላችሁትንም ብሎን በቀለም ምልክት አድርጉበት። ምልክቱ ከቦታው ተዛውሮ ከተመለሰ ሌላ እጅ እንደነካው በቀላሉ ይታወቃል።

ደንበኛው በሥራ መካከል እጁን ቢያስገባ አትገፍትሩት፤ ሞተሩን አጥፉና እጃችሁን ሰብስቡ። «ለው ሰማሕት፣ ከሊም ሳሒብ አልመሐል»፣ ማለትም «እባክህ የሱቁን ባለቤት አነጋግር» ማለት ይበቃል። ክርክሩ የባለቤቱና የደንበኛው ነው። ተሳድቦ ወይም እጅ አንሥቶ የተገኘ ሠራተኛ ትክክል የነበረበትን ጉዳይ በገዛ እጁ ያበላሻል። ቤንዚን ባለበት ሲጋራ የሚያጨስን ደንበኛ ግን በትሕትና ከማስወጣት ወደኋላ አትበሉ። በተዘጋ ክፍል ሞተር እንድታስነሡ ቢጠየቅም እምቢ በሉ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበን ሌላ ጣልቃ ገብነት አለ። ደንበኛው በግል ቀርቦ «ማታ ወደ እርሻዬ ና፣ በእጅህ እከፍልሃለሁ» ይላል። የሥራ ሕጉ አንቀጽ 39 ሠራተኛው ለሌላ አሠሪም ሆነ በግሉ እንዳይሠራ ይከለክላል። ለ50 ሪያል ብላችሁ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ። ባለቤቱ ራሱ ከልካችሁ ግን ያ ሥራ ነው፤ በቀን ከ8 ሰዓት ወይም በሳምንት ከ48 ሰዓት ሲያልፍ በአንቀጽ 107 መሠረት የሰዓቱ ደመወዝና በላዩ የመሠረታዊ ደመወዙ 50 ከመቶ ይከፈላችኋል። የሠራችሁበትን ቀንና ሰዓት በደብተራችሁ መዝግቡ።

የኢቃማ ማውጫና ማሳደሻ ክፍያ፣ በመዘግየቱ የሚመጣ ቅጣትም ጭምር፣ በአንቀጽ 40 የአሠሪው ግዴታ ነው። «ደንበኛ ስላስቀየምህ ኢቃማህን በራስህ ገንዘብ አሳድስ» የሚል ቅጣት በሕግ አይታወቅም።

አለመግባባት ሲፈጠር በመጀመሪያ አሠሪያችሁን በእርጋታ አነጋግሩ። ካልተስማማችሁ በስልክ ቁጥር 19911 ለሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር አመልክቱ፤ ጉዳዩ በቅድሚያ በሽምግልና ይታያል፣ በ21 ቀን ካልተቋጨ ወደ ሥራ ፍርድ ቤት ይተላለፋል። ሥራ ከለቀቃችሁ 12 ወር ያለፈው ጥያቄ ተቀባይነት ስለማይኖረው አትዘግዩ። ውላችሁን፣ ደረሰኞቹንና ፎቶዎቹን ይዛችሁ ከመጣችሁ ጽሕፈት ቤታችንም በተጨባጭ ማስረጃ ሊረዳችሁ ይችላል።

ወገኖቻችን፤ ሙያችሁ የተከበረ ነው፤ በአንቀጽ 61 አሠሪው ክብራችሁንና ሃይማኖታችሁን ከሚነካ ቃልና ድርጊት እንዲቆጠብ ግዴታ አለበት። እናንተም የሰውን ንብረት እንደ ራሳችሁ ጠብቃችሁ፣ የሠራችሁትን በጽሑፍ አስፍራችሁ ሥሩ። ዛሬ ማታ ወደ ማደሪያችሁ ስትመለሱ አንድ ደብተር ግዙ፤ ነገ ጠዋት የምትረከቡት የመጀመሪያው ሞተር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ።