ገንዘቡ የሚያልፍባት እጅ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይነሣ ሥራ ነው። ይኸውም በወርቅ ወይም በነዳጅ ድንገት በደሩ ከተሞች፣ ልብሳቸውን እያወለቁ በመጨፈር ስለሚተዳደሩ ሴቶች ነው። አርእስቱን የመረጥሁበት ምክንያት አንድ ነው፤ ገንዘብ በበዛበት ከተማ የሠራተኛ ድካም ለማን እንደሚተርፍ ይህ ሥራ አጥርቶ ያሳያል። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። በካናዳ በክሎንዳይክ አካባቢ በ1896 ወርቅ ተገኘ፤ በ1898 የዳውሰን ከተማ በወርቅ ፈላጊዎች ተጥለቀለቀች። በዚያ የነበሩት ዳንሰኞች ልብስ የሚያወልቁ አልነበሩም፤ የሂሳቡ ሥርዓት ግን ከኋለኞቹ ጋር አንድ ነበር። ከአንዲት ሴት ጋር አንድ ዙር መደነስ አንድ ዶላር ያስከፍላል። ከዚያ ዶላር ለእርሷ የሚደርሳት ከፊሉ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው የቤቱ ነው። ደንበኛውን ወደ መጠጡ መሳብም የሥራዋ ክፍል ነበር። በ1899 በአላስካ፣ ኖም በተባለው ስፍራ፣ ወርቅ መገኘቱ ሲሰማ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ዳውሰንን ጥሎ ሄደ።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ ግዛት ዊሊስተን የምትባል ከተማ አለች። በ2010 ቆጠራ ኗሪዋ 14,716 ነበር፤ በ2020 ግን 29,160 ደረሰ። ምክንያቱም ባከን ከተባለው የድንጋይ ንጣፍ ነዳጅ ማውጣት የሚያስችል የአቆፋፈር ዘዴ መስፋፋቱ ነው። ከየግዛቱ የመጡ ወንዶች በቀን 12 ሰዓት እየሠሩ በጊዜያዊ ሰፈሮች ያድሩ ነበር። ኪሳቸው ሙሉ፣ ቤተሰባቸው ሩቅ፣ ክረምቱም እጅግ መራራ ነበር። ወደ ጭፈራ ቤቱ የሚመጣው ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የሚያዳምጠው ሰው ጭምር ነበርና፣ ዳንሰኛይቱ ከጭፈራው ሌላ ትዕግሥቷንም ትሸጥ ነበር።

በ2011 በዚያች ከተማ አንዲት ዳንሰኛ በአንድ ሌሊት 2,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ልታገኝ እንደምትችል ተዘገበ። ይህን የሰሙ ሴቶች ከሩቅ ከተሞች ጎረፉ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እንደሚባለው፣ ዜናው ስለ ወጪው ብዙ አልተናገረም።

ወጪው እንዲህ ነው። በአሜሪካ በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ቤቶች ዳንሰኛ ደመወዝ የላትም። እንዲያውም ለመጨፈር ፈቃድ እንድታገኝ በየሌሊቱ ለቤቱ የምትከፍለው እርሷ ናት። ከዚህም ላይ ለሙዚቃ አጫዋቹና ለበር ጠባቂው ጉርሻ ትሰጣለች። ጥቂት ደንበኛ በመጣበት ሌሊት ባለ ዕዳ ሆና ልትወጣ ትችላለች። በወረቀት ላይ «በራሷ የምትሠራ» ተብላ ስለምትመዘገብ ብትታመም የሚያሳክማት፣ ብትሰናከል የሚክሳት አሠሪ የለም። ቤቱ ግን ተራዋን ይወስናል፣ ሰዓቷን ይቆጣጠራል፣ የዳንሱንም ዋጋ ይተምናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዳንሰኞች በበዙ ቁጥር የእያንዳንዷ ድርሻ ያንሳል፤ ባለቤቱ ግን ከእያንዳንዷ ስለሚቀበል ገቢው ይጨምራል። ስለዚህ የከተማይቱ መድራት ለሁለቱ አንድ ትርጉም የለውም። ቤት ኪራዩም እንደዚሁ ነው፤ በ2014 በዊሊስተን የአንዲት ትንሽ አፓርትማ ኪራይ በወር ከ2,000 ዶላር በላይ ሲጠየቅ ነበር።

በ2014 አጋማሽ የአንድ በርሜል ነዳጅ ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። የነዳጅ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ዳንሰኛይቱም ደንበኛዋን አጣች። ሠራተኛ ተብላ ያልተመዘገበች ሴት «ከሥራ ወጣሁ» ብላ የምታመለክትበት መንገድ ጠባብ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሥራ ጭራሹን ባይኖር ይሻላል» ትሉ ይሆናል። ይህን ክርክር አልዘጋውም። ነገር ግን ሥራውን መንቀፍ የሠራችውን መንጠቅ ተገቢ አያደርገውም። የአሜሪካ ፍርድ ቤትም ይህን ለይቶ አይቷል፤ በ2013 አንድ የኒውዮርክ ፌዴራል ዳኛ የአንድ ጭፈራ ቤት ዳንሰኞች በሕግ ፊት ተቀጣሪዎች ናቸው ሲል ወሰነ። በሳን ፍራንሲስኮ የአንድ ቤት ዳንሰኞች በ1990ዎቹ የሠራተኛ ማኅበር አቋቁመው፣ በ2003 ቤቱን ራሳቸው ገዝተው እስከ 2013 በኅብረት አስተዳደሩት። በ2023 ደግሞ በሎስ አንጀለስ የሌላ ቤት ዳንሰኞች በአንድ ድምፅ የተዋንያንን ማኅበር መረጡ።

ጓደኞቼ፣ ስለ ማንኛይቱም የደራች ከተማ ስትሰሙ «ስንት ይገኛል?» ብላችሁ አታብቁ። «ለመሥራት የሚከፍለው ማነው? ገበያው ሲቀዘቅዝስ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የዳውሰኗና የዊሊስተኗ ዳንሰኛ መልሱን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል።