ለእያንዳንዱ አረጋዊ የራሱ ሥዕል

(በኪሌሌሽዋ በተከበረው የኢዮቤልዩ በዓላችን የቤተሰብ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ንግድ እንድናገር ነበር የጠየቀኝ። እኔ ግን ስለ ዕቃ ዋጋ ከማወራ፣ በየቤታችን ስላለውና በአደባባይ ስለማናነሣው ጉዳይ ብናገር ይሻላል ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ባለሱቅ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ የምናገረው በቤቴ ያየሁትንና ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ማኅበራችን ሲመሠረት ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ሌሎቻችንም ወላጆቻችንን ከአገር ቤት አምጥተን እየጦርን ነው። ከነዚህ መካከል ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት ሕመም የያዛቸው አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው አልዛይመር የተባለው በሽታ ነው። እኛ ግን «ጃጁ» ብለን እናልፈዋለን፤ እንግዳ ሲመጣ አረጋዊውን ጓዳ የምናስቀምጥም አለን።

እናቴ ከጎንደር መጥታ ከኛ ጋር ትኖራለች። ቁርስ መብላቷን ትረሳለች። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» እያለች በሩን ትይዛለች። እንደምታውቁት ኪሌሌሽዋ ድሮ ባለግቢ ቪላ የሞላበት ሰፈር ነበር፤ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ቋንቋውን በማታውቀው ከተማ ፎቅ ላይ የምትውል እናት ምን ትሥራ? አገር ቤት ቢሆን ጥጥ ይፈተላል፣ ቡና ይቆላል፣ ጎረቤት ብቅ ይላል። እዚህ ግን እጅ ሥራ ሲፈታ ጭንቀት ይገባል።

አንዲት ደግ ጎረቤታችን ቀለም መቀባት እንደሚያረጋጋ ሰምታ የልጆች የሥዕል ደብተር አመጣችልን። ድመትና ፊኛ ነበረበት። እናቴ አየት አድርጋው «ይኼ የልጅ ነው» ብላ ወደ ልጄ ገፋችው። እውነቷን ነው። እርጅና ሁለተኛ ልጅነት ነው እንላለን፤ ነገር ግን ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ብትረሳም ልጅ አትሆንም።

ከዚያ በኋላ ልጄ የቤታችንን መሶብ ፎቶግራፍ አንሥታ በትልቁ አሳተመችው፤ ስስ ወረቀት ደርባም በጥቁር ማርከር መስመሩን ብቻ ገለበጠችና በፎቶ ኮፒ አባዛችው። እናቴ ቀዩን እርሳስ መርጣ ጀመረች። ጥቂት እንደቆየችም «ይኼ እኮ በአክርማና በስንደዶ ነው የሚሰፋ» አለች። ናይሮቢ የተወለደችው ልጄ አክርማም ስንደዶም ሰምታ አታውቅም። ሃያ ደቂቃ ያህል አያት አስተማሪ፣ የልጅ ልጅ ተማሪ ሆነው ቆዩ። በማግስቱ እናቴ መቀባቷን አላስታወሰችም፤ ያን ዕለት ማታ ግን ተረጋግታ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ወረቀቱን ገፍታ የምትነሣበት ቀንም አለ።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል ነው። የጥንቱ ትዝታና እጅ የለመደው ሥራ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይነካል። ስለዚህ ሥዕሉ ከሰውየው ከራሱ ሕይወት ይውጣ። ሹፌር ለነበረ ቀይና ቢጫው አንበሳ አውቶቡስ፣ ለምድር ባቡር ሠራተኛ የለገሃር ጣቢያ፣ ለሐረር እናት በግድግዳ ላይ የተደረደሩት ስፌቶች፣ እንደኔ ላለ ነጋዴ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ከተለወጡት ብሮች አንዱ የሆነው፣ ስፌት የምትሰፋ ሴት ያለችበት ቀዩ አሥር ብር። የቅዱሳን ሥዕል ሲሆን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በእርሳስ መቀባቱን የማይወዱ አሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንደኛ፣ መስመሩ ወፍራም፣ ቅርጹ ትልልቅና ጥቂት ይሁን፤ የአረጋውያን ዓይን በረቂቅ ነገር ይደክማል። ሁለተኛ፣ አንድ ወረቀትና አራት ወይም አምስት ቀለም ብቻ አቅርቡ፤ ምርጫ ሲበዛ ግራ ያጋባል። ወደ አፍ የሚወስዱ ካሉ መርዝ የሌለበትን ቀለም ግዙ፤ አጠገባቸውም ሁኑ። ሦስተኛ፣ አብራችሁ ተቀምጡ እንጂ አትፈትኑ። «ይኼ ማን ነው? ረሳሽው?» አይባልም። ሰማዩን ቀይ ቢቀቡት ቀይ ይሁን። ሳይጨርሱ ቢተዉትም ይተዉት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ቀለም መቀባት ሕመሙን አያድንም። መርሳት ሲጀምር በቅድሚያ ወደ ሐኪም እንሂድ፤ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የመንፈስ ጭንቀት ወይም የመድኃኒት ጠንቅ ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ እነዚህም ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት የሚመጣ መቀባዠር ደግሞ ለነገ የማይባል ነው።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የድሮ ፎቶግራፍ ያምጣ፤ ወጣቶቻችን መስመሩን ይገልብጡት፤ በወር አንድ ቅዳሜ አረጋውያኖቻችንና ልጆቻችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ። አረጋዊው እየቀባ የሚናገረውን ልጁ ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፈው። የሚረሳው ታሪክ የልጆቻችንም ነው፤ ዛሬ ካልጠየቅን ነገ የምንጠይቀው ሰው አይኖርም። እርሳሱንና ወረቀቱን እኔ ከሱቄ እችላለሁ። ከእናንተ የምፈልገው፣ ጓዳ ያስቀመጣችኋቸውን ይዛችሁ እንድትመጡ ብቻ ነው።

ለአረጋውያኖቻችን ጤናና ሰላም፣ ለማኅበራችንም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።