ያለ ጸሓፊ የሚሄድ ቃል
(በደብራችን ኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ)



በዚህ በ50ኛው ዓመት በዓል ስለ ሴቶችና ስለ ስልክ ልናገር መነሣቴን የሚያደንቅ አይጠፋም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የቅኔ ተማሪ ሳለሁ፥ ልጆቻቸው ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰዱባቸው እናቶች ደብዳቤ ያጽፉኝ ነበር። አንዲቱ እናት ለልጃቸው የሚነግሩት ምስጢር ነበራቸው፤ ነገር ግን በእኔ በባዕዱ ፊት ማውጣት አፍረው ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፥ «ደኅና ነኝ ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ። ሰሙን ጻፍሁ፤ ወርቁ በልባቸው ቀረ።

ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ ካህናት እንደ ነበሩ ይነገራል። ዛሬ እኛው በቀሚሳችን ኪስ ይዘነው እንዞራለን። ተንቀሳቃሹ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ገባ፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም በቴሌብር ገንዘብ ይላክበታል።

ዳሩ ግን በብዙ ቤት ስልኩ ያለው በባል እጅ ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት ስልክ ብታገኝ እንኳ የምስጢር ቁጥሯን የሚመታላት የጎረቤት ልጅ ነው። ከአጥቢያችን አንዲት እናት ልጃቸው በዐረብ አገር ደክማ የላከችውን ገንዘብ በዚሁ መንገድ አጡ፤ ቁጥሩን በገዛ አፋቸው ነግረዋልና ለመክሰስ አፈሩ።

«ስልክ ሴትን ያባልጋል» የሚሉ አሉ። ወንዱን የቀደሰው ይመስል!

ከመጪው እሑድ ጀምሮ፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፊደልና ቁጥር አስተምራለሁ። ባሎች፥ ስልኩን ለሚስቶቻችሁ ሰጥታችሁ ስደዱ። እናቶች፥ የምስጢሩን ቁጥር ለእኔም ቢሆን አትንገሩኝ።