ስለ ስታቲስቲክስ ትምህርትና ስለ ሰቆጣ ሕፃናት ቁመት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሥነ ልቡናም ሆነ በማኅበራዊ ጥናት ክፍል ያለን ተማሪዎች ስታቲስቲክስ የተባለውን ትምህርት እንደ ረጅም ጾም እንቈጥረዋለን፤ እስኪያልፍ እንታገሠዋለን፣ ሲፈታም ወዲያው እንረሳዋለን። የመመረቂያ ጽሑፍ በደረሰ ጊዜ አንዳንዱ መጠይቁን በትኖ ይሰበስብና በኮምፒውተር ለሚያሰላለት ሰው ከፍሎ ይሰጣል፤ የመጣለትንም ሠንጠረዥ ምን እንደሚል ሳያውቅ በጽሑፉ ውስጥ ይለጥፈዋል። ዛሬ የተነሣሁት ይህን ለመውቀስ አይደለም፤ ወቃሽ አላጣንም። የምለው ይህ ነው፦ ቍጥሩ የሚበላሸውም የሚቃናውም ጥያቄው በሚጠየቅበት ቤት ደጃፍ ላይ ነው፤ ስለዚህ ስታቲስቲክስን መማር ያለብን ወደዚያ ደጃፍ ከመሄዳችን በፊት ነው። ለምሳሌ የማቀርብላችሁ የተወለድሁበትን የዋግን አገር ነው።

«የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የኢትዮጵያ መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ነው። ስሙን ያገኘው ከዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሲሆን፣ ሥራው የተጀመረው በአማራና በትግራይ የተከዜን ሸለቆ በሚያዋስኑ ወረዳዎች ነው። እንግዲህ የከተማችን ስም ከአንድ የስታቲስቲክስ ቃል ጋር ተጣብቆ ይኖራል ማለት ነው። መቀንጨር የስታቲስቲክስ ቃል ነውና። አንድ ልጅ ቀንጭሯል የሚባለው ቁመቱ በዕድሜው ካሉት ልጆች መካከለኛ ቁመት ከሁለት «መደበኛ ልይይት» በላይ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ነው። መደበኛ ልይይት ማለት ልጆች በቁመት ከመካከለኛው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚነግር ልክ ነው። መለኪያው የዓለም የጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ያወጣው ነው፤ የተሠራውም በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በደኅና አያያዝ ያደጉ ልጆችን በመለካት ነው። ከዚያ በፊት ሌላ መለኪያ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአሮጌው መለኪያ ሲሰላ ከኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 52 ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአዲሱ ሲሰላ 58 ሆኑ። ልጆቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ክንዱ ነው።

አሁን ወደ ደጃፉ እንሂድ። አንዲት እናት ወንድ ልጇን ይዛ ትወጣለች፤ ልጁ ተጋድሞ ሲለካ 79 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዕድሜው 18 ወር ቢሆን የመቀንጨር ወሰኑ 76.9 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ ልጁ ከወሰኑ በላይ ነው። 24 ወር ቢሆን ግን ወሰኑ 81.7 ነውና ቀንጭሯል ይባላል። እናቲቱን «ዕድሜው ስንት ነው?» ብትሏት «ሁለት ዓመት ይሆነዋል» ትላለች፤ የልደት የምስክር ወረቀት በሌለበት አገር ሰው ዕድሜን ወደ ሙሉ ቍጥር ያጠጋጋል። በአንዲት ቃል አንድ ልጅ ከጤናማው መዝገብ ወደ ቀንጫራው መዝገብ ተሻገረ። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም፤ የተሰጠውን ያሰላል እንጂ።

የአገሩን ልማድ የሚያውቅ ጠያቂ ግን መላ አለው። «ከሻደይ በፊት ነው የተወለደው ወይስ በኋላ?» ይላል፤ ሻደይ ነሐሴ 16 ቀን ይጀመራልና። ቀጥሎም «ክርስትና የተነሣው በማን ቀን ነው?» ይላል። የልደቱን ቀን የረሳች እናት የክርስትናውን ዕለት ከነታቦቱ ታስታውሳለች፤ ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ከዚያ ወደ ኋላ መቍጠር ነው። በእስላም ቤት ደግሞ ረመዳንና ዓረፋ አሉ፤ ሆኖም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድሙ ማስላት ይጠይቃል። ይህ ዘዴ ከውጭ አገር በመጣው መጽሐፋችን ውስጥ የለም፤ ነገር ግን በመጽሐፉ «የመለካት ስሕተት» የሚለው ምዕራፍ ያለ ጥርጥር ስለዚሁ ነው።

«ማጥፋት» የሚለውንም ቃል እንመልከተው። በመለኪያው መሠረት ከጤነኞቹ ልጆች እንኳ ከመቶ 2.3 ያህሉ ከወሰኑ በታች ናቸው፤ አጭር ወላጆች ያሉት ልጅ አጭር ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ቍጥሩ ፍጹም ዜሮ ሊሆን አይችልም። ይህን የማያውቅ ጋዜጠኛ በ2022 ዓ.ም. ከመቶ ሦስት ልጅ ቀንጭሮ ቢያገኝ ሥራው ከሸፈ ብሎ ይጽፋል። ተቃራኒውም ስሕተት አለ። የአንድ ወረዳ ልጆች በሙሉ በአማካይ አንድ ልይይት ዝቅ ቢሉ ከወሰኑ በታች የሚወድቁት ከመቶ 16 ያህል ብቻ ይሆናሉ፤ «ሌሎቹ 84ቱ ደኅና ናቸው» ማለት ግን ሐሰት ነው፣ ሁሉም ወርደዋልና። ስለዚህ ከመቶኛው ጋር አማካዩን ጠይቁ።

ለመሆኑ የዋግ ቍጥር ስንት ነው? በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ታላቅ ጥናት በ645 የቈጠራ ቦታዎች 16,650 ቤተሰቦችን ጠይቆ ለአገሪቱ 38፣ ለአማራ ክልል 46፣ ለአዲስ አበባ 15 ከመቶ አግኝቷል። ይህ ጥናት የተነደፈው ለክልል እንጂ ለዞን አይደለም። እንግዲህ 46ን ወስዶ «በዋግ ኽምራ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የጎጃምን ልጆች ለሰቆጣ መስጠቱ ነው።

«ታዲያ እኛ ሄደን 400 ልጆች እንለካለን» ብንልስ? መልካም ነው፤ ግን ከ20 ቀበሌዎች ሃያ ሃያ ልጅ ብንወስድ 400 ነጻ ምስክሮች አላገኘንም። የአንድ ቀበሌ ልጆች አንድ ምንጭ ይጠጣሉ፣ አንድ ድርቅ ይመታቸዋል። መመሳሰላቸው 0.1 ነው እንበልና ቀመሩን እናስላ፦ 1 ሲደመር 19 ጊዜ 0.1፣ 2.9 ይሆናል። 400ው ለ2.9 ሲካፈል 138 ያህል ነው። በዚያ ላይ ከመኪና መንገድ ርቆ ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ ቆላ መውረድ አድካሚ ስለ ሆነ ጠያቂው ወደ ቅርቡ ያዘነብላል። ከ2013 ዓ.ም. በኋላ በጦርነቱ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉትስ በየትኛው ቀበሌ ይቈጠራሉ? ከመዝገብ የጠፋው ቤት በዕጣ የጠፋ አይደለም።

እኛ የሥነ ልቡና ተማሪዎች ደግሞ ሴንቲ ሜትር እንኳ የለንም። የእናቲቱን ጭንቀት በሃያ «አዎን» ወይም «አይደለም» በሚመለሱ ጥያቄዎች ልንለካ ስንነሣ፣ ጥያቄዎቹ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኽምጣና ይሻገራሉ። አንዱ ተርጕሞ ሌላው መልሶ ወደ አማርኛ ካልተረጐመው የጠየቅነውን አናውቅም። አማቷ አጠገብ ቆማ «ያለቅስሻል ወይ?» ቢሏት ምን ትመልሳለች? ደብተር የያዘም ሰው በእኛ አገር የእርዳታ መዝጋቢ ይመስላል፤ ችግርን አብዝቶ መናገር ብልኅነት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስሕተት አራት ሺሕ ሰው መጠየቅም አያድነው፤ በዕጣ የሚመጣ ስሕተት በብዛት ይቀንሳል፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስሕተት ግን እንዳዘነበለ ይቀራል።

ይህ ችግር የድኻ አገር ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 የታተመ አንድ ጥናት 100 የሥነ ልቡና ምርምሮችን እንደገና አስሠርቶ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 97ቱ «ልዩነቱ በዕጣ የመጣ አይደለም» ያሉ ሲሆን፣ ሲደገሙ ያንን ያገኙት ከመቶ 36ቱ ብቻ ናቸው። ለጥቂት ናሙና የሚያገለግለውን ፈተና በ1908 ያወጣው ጎሴት የደብሊን ቢራ ጠማቂ ድርጅት ሠራተኛ ነበር፤ ጽሑፉንም ያሳተመው «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ነው። ስማችን በቀመር ላይ ከተጻፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን ቀመሩን እንሸሸዋለን!

መምህራንን የምለምነው ትምህርቱ ከመመረቂያው ዓመት በፊት ብቻ ሳይሆን ከመስክ ሥራ ጋር አብሮ እንዲሰጥ፣ ፈተናውም ቀመር ከማስታወስ ይልቅ አንድን መጥፎ ሠንጠረዥ አይቶ የጐደለውን መናገር እንዲሆን ነው። አማካሪዎችም መጠይቁ ሳይበተን በፊት «ስንት ሰው፣ ከየት፣ በማን ቋንቋ፣ ማን አጠገቡ ቆሞ?» ብለው ቢጠይቁን ለብዙ ድካም ያድኑናል።

እስከዚያው ድረስ ግን እኛው እንጀምር። የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ክፍል እንሰበሰባለን፤ የእያንዳንዳችንን መጠይቅ አንድ በአንድ እናነባለን፣ በየቋንቋችንም እንተረጕመዋለን። ኽምጣና፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የምትናገሩ በተለይ እንድትመጡ እለምናለሁ። ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ እርሳስና ባለ መስመር ወረቀት ይበቃል።