ሦስት እምቢልታ፣ አንድ ዜማ



እምቢልታ የሚነፋ የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ የጣት ቀዳዳ ግን የለውም። አንድ ነፊ ብቻውን ከሁለት ሦስት ድምፅ በላይ አያወጣበትም። በቁመት የሚበላለጡ ሦስት እምቢልታዎች ሲገናኙ ግን አንዱ ሲያቆም ሌላው እየገባ፣ ዜማው ከሦስቱ መካከል ይወጣል። ዱሮ የቤተ መንግሥት ሰልፍ ያደምቅ ነበር። ለእኔ ግን ትክክለኛ ቦታው መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ መደማመጥን ያስተምራልና።

ልጆችን «አዳምጡ!» ብሎ መቆጣት ሁላችንም እናውቅበታለን። ጥያቄው ሳያልቅ እጁን ያወጣ ልጅ ጎበዝ በሚባልበት ክፍል ግን ማዳመጥ ምን ይጠቅመዋል?

እስቲ ለሦስት ልጆች አንድ አንድ ድምፅ እንስጣቸው። መሣሪያ ባይኖር ጠርሙስ ይነፋ፣ ጣሳ ይመታ፣ ይጨብጨብ። ችኩሉ ካለተራው ገብቶ የጓደኛውን ድምፅ ይሸፍናል፤ ዜማው ይበላሻል። ማንም ሳይቆጣው ጆሮው ይነግረዋል። ዓይን አፋሩ ደግሞ ተራው ደርሶ ዝም ካለ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ሌሎቹ ዞር ብለው ያዩታል፣ ይጠብቁታል። «ተናገር እንጂ!» እያልን ከምናስጨንቀው ይህ ይሻለዋል።

አብሮ በመጫወት መማር አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የምጣኔ ሀብት ባለሙያውና ሙዚቀኛው ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው በቬንዙዌላ ኤል ሲስቴማ የተባለውን የሙዚቃ ትምህርት መርሐ ግብር ሲመሠርቱ፣ ልጆች ሙዚቃን በኦርኬስትራ ውስጥ አብረው እየተጫወቱ እንዲማሩ አደረጉ። ቫዮሊን ውድ ነው፤ ጣሳ ግን የትም አለ።

ጨዋታው ሲያበቃ ታዲያ «ማን ጎበዝ ነበር?» አትበሏቸው። «ከጎንህ ያለው ምን ተጫወተ?» በሉ። መልስ ያጣ ካለ፣ እንደገና ይጀመር።