ስለ ወጣቶች የጽዋ ጉባኤ የተነገረ ቃል



የግእዝ ሊቃውንት ጠራ ለማለት ጸውዐ ይላሉ፤ መጠጫውንም ጽዋዕ ይሉታል። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር ወጥተው እንደ ሆነ የሰዋስው መምህራን ይከራከሩበት፤ ባለ ቅኔ ግን እንዲህ ያለ የፊደል ዝምድና አግኝቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ያልተጠራ ሰው ከጽዋው አይደርስምና።

በአዊ አገር የጽዋ ማኅበር እንግዳ ነገር አይደለም። በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ ማኅበርተኛው በባለ ተራው ቤት ይሰበሰባል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካል፤ ሙሴ የተባለው አለቃ ሥርዓቱን ይጠብቃል፤ የሚመጣው ወር ባለ ተራም ጽዋውን ተረክቦ በዝማሬና በእልልታ ወደ ቤቱ ይሸኛል። የታመመ ይጠየቃል፤ የተጣላም ይታረቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበርም ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም፤ ጥር 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስን በዓልና የዐድዋን መታሰቢያ አንድ አድርጎ ያከብራልና።

ነገር ግን የአባቶች ማኅበር ጎጆ ለወጣ ሰው የተሠራ ነው። ጠላ ለመጥመቅ ጋን፣ እንግዳ ለማስቀመጥም ሰፊ ቤት ያሻል። ከባንጃ ወይም ከፋግታ ገጠር መጥቶ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ አንዲት ክፍል የተከራየ ተማሪ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ገና ደመወዝ የጀመረችውም አስተማሪ ይህን ከየት ያመጡታል? ስለዚህ ወጣቶቹ የአቅማቸውን ጉባኤ አበጁ፤ ይኸውም ቆሎና ሻይ፣ መዝሙር፣ አጭር ትምህርት፣ ከዚያም ጨዋታ ነው። ሽማግሎች ሳቁ በዛ እያሉ ያጉረመርማሉ። አንዳንዱም የሚመጣው የትዳር ጓደኛ ሊፈልግ ነው ይላሉ። እንዲህስ ቢሆን ከዚህ የተሻለ መፈለጊያ ወዴት ይገኛል?

ይህን የመሰለውን ስብሰባ የልጅ ነገር ብሎ መናቅ አይገባም። በ1983 ዓ.ም. ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የሄዱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚያ ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር፤ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረትም እነርሱ ነበሩበት።

የሚያሠጋው ሌላ ነው። ድግሱ በፉክክር ቢያድግ፣ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር ተብሎ የተወቀሰው የቆሮንቶስ ሰዎች ማዕድ ይመለሳል። ከዚህም ይልቅ የሚያሠጋው በር አጠገብ የሚቀመጠው ነው። አንድ ጊዜ ይመጣል፤ መዝሙሩን አያውቀውም፤ አማርኛው ያልቀናለት አገውኛ ተናጋሪ እንደ ሆነም አፍሮ ዝም ይላል። ስሙን የጠየቀው ስለሌለ ሁለተኛ አይመለስም፤ እንደ ቀረም ማንም አያስተውልም።

በሐዋርያት ሥራ አውጤኪስ የተባለ ጐልማሳ ይገኛል። በጢሮአዳ ጳውሎስ ነገሩን እስከ መንፈቀ ሌሊት ሲያስረዝም፣ በመስኮት ተቀምጦ ሳለ እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ሐዋርያው ስለ እንቅልፉ አልገሠጸውም፤ ስብከቱን አቋርጦ ወረደ፣ አቀፈው፣ ነፍሱ አለችበት አለ። ከዚያ በኋላ ወጥቶ እንጀራ ቈረሰ፤ እስኪነጋም ተነጋገረ። (ስብከትን ማሳጠር ግን ከዚያ ሌሊትም በኋላ ለሰባክያን ከባድ ሆኖ ቀርቷል።)

በእንጅባራ ክረምት ብርዱ ጽኑ ነው፤ ነፋሱም አስቀድሞ የሚያገኘው በበሩ አጠገብ ያለውን ነው። ሻዩ ከዚያ ይጀመር፤ ስሙን የሚጠይቀውም ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጠይቀው።